ትንፋሽ ያጠራት ትራክተር

ሰፈሩ በሙሉ የሚያውቃት «እትዬ ስልክ» በሚለው ስም ነው። ስሙ የወጣላት በወጣትነቷ፣ ስልክ ማዞሪያ ቤት ስትሠራ ነበር። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ቀዳዳ በሞላበት ሰሌዳ ፊት ተቀምጣ፣ ገመዱን ከአንዱ ነቅላ ሌላው ላይ እየሰካች፣ እናትን ከልጇ፣ ነጋዴን ከደንበኛው ስታገናኝ ጸጉሯ እዚያው ሸበተ። በኋላ ማዞሪያውን የሚተካ መሣሪያ መጣ፤ ቁም ሣጥን የሚያህል፣ ሰው የማይፈልግ። ሠራተኞቹ አንዳንድ እቅፍ አበባ ተሰጥቷቸው ተሸኙ። እሷ አበባውን ቤት አድርሳ ውኃ ውስጥ ከተተችና በማግስቱ ማለዳ የአባቷን መሬት ልታይ ሄደች።

መሬቱ ያለው ከቤቷ ብዙም ሳይርቅ፣ ከከተማው ጫፍ፣ ቤቶቹ አልቀው አጥሩ የሚጀምርበት ላይ ነው። ታችኛው ክፍል ሜዳ፣ ላይኛው ዳገት። አባቷ ከሞቱ ወዲህ የነካው ስላልነበረ ሣሩ ወገብ ይደርሳል። ታላቅ ወንድሟ ይሸጥ ባይ ነበር።

«መሬት ጉልበት ይፈልጋል» አላት። «አንቺ ዕድሜሽን ሙሉ ተቀምጠሽ ስታወሪ የኖርሽ ሰው፣ ምን ይዘሽ ነው የምትገቢበት?»

«እኔ መች አወራሁ፤ ሰው ሲያወራ ነው የሰማሁት» አለችው።

ባሏ ጸጉር አስተካካይ ነው። እሷ ሥራ ባቆመችበት ዓመት እሱም ሱቁን ዘግቶ፣ ብዙ ዘመን የሠራበትን ከባድ የብረት ወንበር በጋሪ አስጭኖ ቤት አምጥቶታል። በረንዳው ላይ ተክሎት የድሮ ደንበኞቹን እዚያው ያስተናግዳል። ጨዋታ የሚወድ፣ ጭቅጭቅ የሚሸሽ ሰው ነው። ወንድሟ «እስቲ አንተ እንኳ ምከራት» ቢለው፣ «እኔ ጸጉር እንጂ ነገር አልቆርጥም» ብሎ መቀሱን ማንቀሳቀስ ቀጠለ።

ትራክተሯን የገዛቻት ከሥራ ስትሰናበት በተከፈላት የአገልግሎት ገንዘብ ነው። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ፣ ከተሰባበሩ የውኃ ፓምፖችና ከዛጉ በርሜሎች መሀል ቆማ ነበር ያገኘቻት። ቀይ ቀለሟ በፀሐይ ደብዝዞ የሸክላ መልክ ይዟል። ቁመቷ ከባሏ ትከሻ አይዘልም። የፊት ጎማዎቿ ሲያዩዋቸው ያሳዝናሉ፤ የኋለኞቹ ግን ሰፊና ጥርሳም ናቸው።

«እናቴ፣ መርፌም ትንሽ ናት፤ የማትወጋው ግን የለም» አለና ነጋዴው ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ አንዴ እንደማስነጠስ አለና ተነሣ።

መንዳቱን ተማረች። መጀመሪያ ባዶ ሜዳ ላይ፣ ከዚያ አጥር ጥግ፣ በመጨረሻም ማረሻውን ከኋላ አስቀጥላ ሣሩ ውስጥ ገባች። ከአጥር እስከ አጥር አንዴ ሄዳ ሞተሩን አጠፋችና ዞር አለች። ከኋላዋ መሬቱ ተከፍቷል። ከሣሩ ሥር ጥቁርና እርጥብ አፈር ወጥቶ በፀሐይ ያብለጨልጫል፤ ወፎች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ወርደው ትል ይለቅማሉ። አባቷ ይህችን ያህል በዶማ ለመገልበጥ ስንት ማለዳ እንደተነሡ፣ ወገባቸውን ይዘው ስንት ጊዜ ቀና እንዳሉ ታውቃለች። ወርዳ አንድ እፍኝ አፈር አነሣችና ይዛው ቆመች።

ባሏ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ያያት ነበር። ትራክተሯን ይፈራታል፤ ጠፍታም ቢሆን አይጠጋትም።

«እሺ፣ ይቺ ነገር የምትቀልበን ናት ወይስ የምንቀልባት?» አላት።

«አብረን እናየዋለን» አለችው።

ሜዳውን ድንችና ሽንኩርት ዘራችበት፤ በቀለም። በሚቀጥለው ዝናብ ዳገቱን ልታርስ ተነሣች። የመጀመሪያው ትልም ግማሽ ላይ እንደደረሰች ሞተሩ ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ትራክተሯ ግን ቆመች። ነዳጅ ብትጨምርም እየጮኸች ንቅንቅ አትልም። የተቃጠለ ጨርቅ የመሰለ ሽታ አፍንጫዋን መታው። ማርሹን ቀየረች፤ ያው ነው። በመጨረሻ ወደ ኋላ እየለቀቀቻት ሜዳው ላይ አወረደቻት።

የጠራችው መካኒክ ዋናው መንገድ ዳር ጋራዥ ያለው፣ ግዙፍና ዝግ ያለ ሰው ነው። ስሙን የሚጠራው የለም። ሲራመድም ሲናገርም ስለማይቸኩል፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ከሚለው ተረት ቆርጠው «ቀስ በቀስ» ብለውታል። እሱም ለምዶታል።

መሪው ጋ ተቀምጦ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደኋላ ሞከራት። «ፍሪሲዮን ነው፣ እትዬ» አለ። «የሞተሩን ጉልበት ተቀብሎ ለጎማው የሚያስረክበው እሱ ነው። አሁን መያዝ አቅቶት ይንሸራተታል። ይቀየራል፤ ችግሩ ግን ያለው መሀል ሆዷ ላይ ነው።»

«ታዲያ እንዴት ትደርስበታለህ?»

«ለሁለት እከፍላታለሁ።»

የሚቀልድ መስሏት ነበር። በማግስቱ መጥቶ ከፊት ለፊቷ ሥር ግንድ ደገፈ፣ ከኋላዋ ሥር ክሪክ አቆመ፣ በወገቧ ዙሪያ ያሉትን ብሎኖች አንድ በአንድ እየፈታ በጣሳ ውስጥ አኖረ። ከዚያ የኋላውን ጎማ በሁለት እጁ ይዞ ወደኋላ ሳበው። ትራክተሯ እንደ ዳቦ ለሁለት ተከፈለች። ሞተሩ ከፊት ጎማዎቹ ጋር ወዲህ ቀረ፤ መቀመጫው ከትላልቆቹ ጎማዎች ጋር ወዲያ ሄደ። በመካከላቸው ሰው የሚያሳልፍ ቦታ ተገኘ።

ባሏ መላጫውን እንደያዘ፣ ደንበኛው አገጩ ላይ ሳሙና እንደተቀባ፣ ሁለቱም መጥተው ቆሙ። እሷ በሁለቱ ግማሾች መሀል ገባች። በአንድ በኩል ጥርስ ያለው ከባድ ክብ ብረት፣ በሌላው በኩል ጣት የሚያህል ቀጭን ዘንግ አየች። ያ ሁሉ የምትነዳው ነገር፣ ጎትቶ ድንጋይ የሚያገላብጠው ጉልበት፣ የሚያልፈው በዚህች ዘንግ ነው። መካኒኩ ያረጀውን ፍሪሲዮን አወጣላት። ከድስት ክዳን የማትበልጥ፣ ሁለት ፊቷ ሸራ የለበሰ ክብ ነገር ናት።

«ዳገቱን የሚሸከመው ይኸው ነው?» አለች።

«ይኸው ነው። ይይዛል፣ ይለቃል። ሌላ ሥራ የለውም።»

ለረጅም ጊዜ አገላብጣ አየችው። ስልክ ማዞሪያው ጀርባ የነበረውን የሽቦ ጫካ መጀመሪያ ያየች ቀን እንደዚሁ ሆና ነበር፤ ሰው ይህን አስቦ ሠራው ብላ። ሸራው ግን ዘይት ጠጥቷል፤ ሲነኩት ያሟልጫል። መካኒኩ ዘይቱ የመጣው ከሞተሩ በስተኋላ ዘይት አጥሮ የሚይዘው ክብ ላስቲክ ስላረጀ ነው አለ። ላስቲኩንም ሸራውንም ቀየረ፤ ትራክተሯን መልሶ ገጠማት። ለጣራው ቆርቆሮ ተብሎ የተቀመጠው ገንዘብ ለዚህ ሄደ።

ዳገቱ የሚታረስበት ጊዜ አልፎ ስለነበር፣ ያ ወቅት በሜዳው ብቻ በደህና አለፈ። ከምርቱ በኋላ ትራክተሯ ሥራ ፈትታ ከቤቱ ጎን ባለው መጋዘን ውስጥ ቆመች። ዝናብ ሲመጣ እንደገና አወጣቻት፤ ገና ሜዳውን ሳትጨርስ ያ ሽታ መጣ።

መካኒኩ ቀስ በቀስ እንደገና ለሁለት ከፈላት። ዘይት። አዲሱ ላስቲክ ወደ ውጭ ተገልብጦ፣ ከንፈሩ እንደተነፋ ሆኖ አገኘው። ጭንቅላቱን አከከ። «ዕቃው ነው» አለ። «አስመስለው የሠሩትን ነው የሸጡልኝ። ዋናውን አስመጣለሁ።» ዋናው ላስቲክ ከሩቅ መጣ፤ ዋጋውም እንደ ርቀቱ ነበር። ለእሱ ሲባል ቤት ያሳደጓት አንዲት ጥጃ ተሸጠች።

መንደሩ ቀልድ አገኘ። ጎረቤት በአጥር በኩል ሲያልፍ፣ «እትዬ ስልክ፣ ትራክተሯ ዛሬም መስመር የላትም?» ይላታል። እሷም፣ «መስመሩ ተይዟል፤ ቆይተው ይደውሉ» ትላለች። ስትስቅ ያያት ግድ የሌላት ይመስለዋል። ባሏ ግን ሻይ ስትቀዳ ማንኪያውን ስኳር ውስጥ ረስታ እንደምትቆም ያይ ነበር።

ወንድሟ ሊጠይቃት መጥቶ የተከፈለችውን ትራክተር አየ። ዙሪያዋን ሄደ። «ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነችብሽ» አላት። «ብረት ናት፤ በኪሎ ሽጫት። ውኃ ብትወቅጪው ያው ውኃ ነው።» ክፉ አልነበረም፤ እህቱ እንዳትጎዳ ነው። ያን ታውቃለች።

ወደ ሸጠላት ነጋዴም ሄዳ ነበር። ነጋዴው ከወንበሩ ሳይነሣ፣ «እናቴ፣ እኔ የሸጥኩልዎ ትራክተር ነው፤ ጤንነት አይደለም» አላት። እቤት መጥታ ስትነግረው ባሏ ሳያስበው ሳቀ፤ ቆይታ እሷም ሳቀች። ነጋዴው እኮ እውነቱን ነው።

ትራክተሯ ተጠግና ያን ወቅት እየተንፏቀቀች ጨረሰች። ዳገቱ ግን ሣር እንደለበሰ ከረመ። በሚቀጥለው ዓመት ለሦስተኛ ጊዜ ያው ሽታ ሲመጣ፣ ቀስ በቀስን ያስጠራችው ባሏን ልካ ነው፤ ራሷ ሄዳ ለመንገር አቅም አጣች።

በእረፍት ቀኑ መጣ፤ የሥራ ልብሱን ሳይለብስ፣ በንጹሕ ሸሚዝ። ሞተሩን አስነሥቶ ቆሞ ሰማው፣ አጠፋው። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ፣ እንደገና ብከፍታት የማገኘውን አውቀዋለሁ» አለ። «ዘይት ነው። ሸራውን እቀይራለሁ፣ ላስቲኩን እቀይራለሁ፣ ከርሞ እንዲሁ እንገናኛለን። ከእንግዲህ የእርስዎን ገንዘብ መብላት ይከብደኛል። ይሽጧት።»

ከሐፍረት የተነሣ ቁጭ ብሎ መቅረት ስላልቻለ ተነሥቶ የሞተሩን ዘይት ልኩን ለማየት የመሙያውን ክዳን ፈታ። ክዳኑ ሲለቅ አንድ ድምፅ ተሰማ። ትንሽ ነው፤ ሰው ሸክም አውርዶ «እፎይ» ሲል እንደሚወጣው ዓይነት።

«ቆይ» አለች። «ይሄ ድምፅ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«አሁን ክዳኑን ስትከፍት የተነፈሰችው። እኔ ዘይት ልጨምር ስከፍታትም እንዲህ ትላለች። የሁሉም ትራክተር ጠባይ ይመስለኝ ነበር። እስቲ መልሰህ ክደናትና አስነሣት።»

ከደናት፤ አስነሣት፤ ትንሽ አሠርቶ አጠፋት። ክዳኑን ፈታ። «እፍፍፍ» አለች፤ የሞቀ አየር የመካኒኩን ፊት መታው። ቀስ በቀስ ክዳኑን እንደያዘ ቀረ።

«ትንፋሿን ይዛ ነው የምትቆየው» አለች እሷ። «ለመሆኑ የምትተነፍሰው በየት በኩል ነው?»

የመካኒኩ ዓይን ሌላ ቦታ ሄዷል። ከሞተሩ ራስ ላይ የምትነሣ ጣት የምታህል ጥቁር ቱቦ ነበረች። በጣቱ እየዳሰሰ ተከተላት። ቱቦዋ ከነዳጁ ማጣሪያ ኋላ ትሄድና፣ ከሞተሩ ጎን ወደታች ወርዳ፣ እጅ እንጂ ዓይን የማይደርስበት ጠባብ ስርቻ ውስጥ ጫፏን ትጥላለች። ደረቱን መሬት ላይ አደረገ፤ ንጹሕ ሸሚዙን ረሳው። አንገቱ አልገባለትም።

«መስታወት ብናገኝ» አለ ከሥር።

ባሏ ያኔ ነው የሮጠው። ለደንበኛ ማጅራቱን የሚያሳይበትን የእጅ መስታወት ይዞ መጣ። ትራክተሯን የሚፈራው ሰው ተንበረከከ፤ እጁን እስከ ክንዱ ድረስ በብረቶቹ መሀል ሰደደ፤ ብርሃን እስኪያዝ ድረስ መስታወቱን በዝግታ አዘነበለ። ዕድሜውን በሙሉ ያደረገው ይኸንኑ ነበር። ሦስቱም ራሳቸውን ገጥመው አዩ። መስታወቱ ውስጥ የቱቦዋ ጫፍ ታየ። ክፍት መሆን ነበረበት፤ ግን በደረቀ ጭቃ ተደፍኗል። በጥንቃቄ እንደተለሰነ ግድግዳ።

ቱቦዋን ፈታው። ጭቃውን በሽቦ ሊጎረጉር ሲል እሷ እጁን ያዘችው። «ሙሉውን አውጣው» አለች። የቱቦዋን ጫፍ ሰንጥቆ እንዳለ አወጣላት። ጣት የሚያህል፣ እንደ ሸክላ የጠነከረ ነገር ነው። በጥፍሯ ሰነጠቀችው።

ውስጡ ክፍል ክፍል አለው። በየክፍሉ ትናንሽ ሸረሪቶች እግራቸውን ሰብስበው ተደርድረዋል፤ ያልሞቱ ግን የማይንቀሳቀሱ፣ እንቅልፍ የወሰዳቸው የሚመስሉ። በእያንዳንዱ ክፍል ደግሞ እንደ ሩዝ ፍሬ ነጭ የሆነ አንዳንድ ትል አለ። አንዱ በጣም በዝግታ ራሱን አነሣ።

«ተርብ ናት» አለ ባሏ በሹክሹክታ፣ የሚቀሰቅሰው ያለ ይመስል። «ያቺ ወገበ ቀጭኗ፣ ጭቃ የምትሸከመው። በየዓመቱ ትራክተሯ ሥራ ስትፈታ እየመጣች፣ ለልጆቿ ስንቅ አስቀምጣ ነው የምትሄደው።»

መካኒኩ ባልዲው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ሞተር ሲሠራ ሆዱ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል» አለ። «በዚች ቱቦ ነው የሚያስተነፍሰው። መውጫ ሲያጣ የት ይሂድ? ዘይቱን በደካማው በኩል እየገፋ ያወጣዋል። ላስቲኩ ወደ ውጭ የተገለበጠው ለዚህ ነው። አየሁት እኮ፤ በዓይኔ አይቼ ዕቃው ነው አልኩ። ቤት ውስጥ ሰው ታፍኖ እየገፋ፣ እኔ በሩን ስቀይር ኖርኩ።» ደግሞ ጭቃውን አየ። «ከስንዴ ቅንጣት የማትከብድ ፍጡር፤ ዳገት የሚጎትት ሞተር አቆመች።»

ማንም አልሳቀም። ከመጋዘኑ ጣራ ሥር የንቦች የሚመስል ቀጭን ድምፅ ይሰማል። እሷ ግማሹን ጎጆ በመዳፏ እንደያዘች ቆማ ነበር። መናደድ ይገባት እንደነበር በኋላ አስባዋለች፤ ቆርቆሮው፣ ጥጃዋ፣ የሰው ሳቅ። ግን በልቧ ውስጥ ለንዴት የሚሆን ቦታ አልነበረም። ይህን ያህል ትንሽ እጅ ይህን ግድግዳ የለሰነው በምን ልክ ነው? የሸረሪት ስንቋን ሳይሞትና ሳይሸሽ አስተኝቶ ማኖሩን ማን አስተማራት? ትራክተሯን የሠራት ሰው መጀመሪያ እንዳስደነቃት ሁሉ፣ አሁን ደግሞ ይህችን የሠራት አስደነቃት። ጎጆውን ወስዳ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ ዝናብ የማይደርስበት ቦታ አኖረችው።

መካኒኩ ባዶዋን ቱቦ መልሶ ገጥሞ ሞተሩን አስነሣ። «እጅዎን ወዲህ ያድርጉ» አላት። መዳፏን በቱቦዋ ጫፍ ሥር አደረገች። ለብ ያለ ትንፋሽ ነካት፤ መጣ፣ ሄደ፣ መጣ። ለካ ይህ ሁሉ ጩኸት ውስጡ እንዲህ ያለ ለስላሳ ነገር ነበረው። እጇን ሳታነሣ ባሏን ጠራችው። እሱም መጥቶ እጁን ዘረጋ።

ዘይት የጠጣው ሸራ ግን መቀየሩ አልቀረም። መካኒኩ የእጁን ዋጋ አልቀበልም ብሎ ድርቅ አለ፤ ዕቃው ግን ያው ዕቃ ነው፤ ከየትም መጥቶ መገዛት አለበት። እሷ ምን እንደምትሸጥ እያሰበች አንድ ቀን ከጓሮ ስትመለስ በረንዳው ባዶ ሆኖ ጠበቃት። ሲሚንቶው ላይ ያልደበዘዘ ክብ ምልክት ብቻ ቀርቷል። ባሏ በርጩማ ላይ ያስቀመጠውን ደንበኛ ጎንበስ ብሎ እየላጨ ነበር።

ደንበኛው እስኪሄድ ጠበቀች። «ወንበሩ የት ሄደ?»

«አንድ ወጣት አዲስ ሱቅ ሊከፍት ነው፤ ወሰደው።»

«ሳታማክረኝ?»

«ባማክርሽ እምቢ ትይ ነበር።» ማበጠሪያውን በፎጣ ጠረገ። «ደግሞ ስሚ፤ እስቲ አስቢው። ያ ወንበር መች የእኔ ሆኖ ያውቃል? ሰው ሁሉ ተቀመጠበት፣ ዳኛው፣ ሾፌሩ፣ ሙሽራው። እኔ በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን አልተቀመጥኩበትም። ቆሜ ነው የኖርኩት።»

ልታለቅስ ነበር፤ ግን ሊሸጥ ከማውጣቱ በፊት ተቀምጦበት እንደሆነ ጠየቀችው።

«ሞከርኩት» አለ። «ለካ ይመቻል።»

ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ።

ትራክተሯ ለሦስተኛ ጊዜ ተከፈለች፤ ለሦስተኛ ጊዜ ተገጠመች። የቱቦዋን ጫፍ መካኒኩ ከሻይ ማጥለያ በተቆረጠ ወንፊት ሸፈነው፤ አየር የሚያሳልፍ፣ ተርብ የማያስገባ። ከዚያ በኋላ ወደ ጋራዡ የሚመጣ ማንኛውም ዘይት የሚያንጠባጥብ ሞተር፣ ብሎን ሳይፈታ በፊት ቱቦው በመስታወት ይታያል። የትም ያገኘውን ሰው፣ «ይህን ያሳየችኝ እትዬ ስልክ ናት» ይላል። እሷ ደግሞ «እኔ የጠየቅኩት ጥያቄ ነው፤ ያገኘው እሱ ነው» ትላለች። በዚህ እስከ ዛሬ አልተስማሙም።

ዳገቱን ለማረስ ዝናቡ አፈሩን እስኪያለሰልስ መጠበቅ ነበረባት። በዚያ መሀል አንድ ማለዳ መጋዘን ገብታ ተርቧን በሥራ ላይ አገኘቻት። ጣራው ማገር ላይ አዲስ ጎጆ ጀምራለች። ከደጅ፣ ከቧንቧው ሥር ከሚጠራቀመው ጭቃ፣ የአተር ፍሬ የምታህል ድቡልቡል በአፏ ይዛ ትገባለች፤ በቦታዋ ታደርጋትና ስትለስናት ቀጭን ዜማ የመሰለ ድምፅ ታሰማለች። ጭቃው እንደ ሰም እየለሰለሰ ይሄዳል። ትወጣለች፤ ትመለሳለች። እትዬ ስልክ ዶማዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ባልዲው ላይ ተቀመጠች። ባሏ ቁርስ ቀረበ ብሎ ሊጠራት መጣ፤ እሱም ቀረ። ሻዩ በረደ።

«እናባርራት?» አላት በመጨረሻ።

«ወንፊት አድርገንበታል። ትሥራ እንጂ» አለችው።

ዳገቱን ባረሰችበት ቀን ወንድሟ ሳይጠራ መጣ። ነገሩን ከሰው ሰምቷል፤ ግን አልጠየቀም። አጥሩን ተደግፎ ያያት ጀመር። ትራክተሯ እየጎተተች፣ ጎማዋ እያንዳንዱን ጥርስ አፈሩ ውስጥ እየተከለ፣ ቀጥ ብላ ወጣች። ባለፈው የቆመችበትን ቦታ አለፈች። ሽታ የለም። ሞተሩ በአንድ ድምፅ ይሄዳል። አፋፉ ላይ ደርሳ ስትዞር፣ መላው ዳገት ከሥሯ ተከፍቶ፣ ከአባቷ ወዲህ ፀሐይ ያላየው አፈር ጠቁሮ ተኝቶ አየችው። ከእሱ በታች ሜዳው፣ ከሜዳው በታች የከተማው ጣራዎች፣ ጭስ፣ የሚንቀሳቀሱ መኪኖች። ፍሬን ይዛ፣ ሞተሩን አጥፍታ ተቀመጠች። ወንድሟ እየተነፈሰ ወጥቶ አጠገቧ እስኪቆም ድረስ አላየችውም።

«እንግዲህ አትሰበርም ማለት ነው?» አላት።

«ትሰበራለች እንጂ። ባለፈው ሳምንት የውኃ ቱቦዋ ፈነዳ። ከርሞ ደግሞ ሌላ ይሆናል።» መሪውን በመዳፏ ነካ ነካ አደረገችው። «መሰበሯ አይደለም የሚገርመኝ፣ ወንድሜ። ውስጧን አይቼዋለሁ። ስንት ነገር እርስ በርሱ ተያይዞ፣ አንዱ አንዱን ጠብቆ ይሄዳል። ለማቆም አንዲት ጣት የምታህል ጭቃ ትበቃዋለች። እንዲያም ሆኖ ጠዋት ቁልፉን ሳዞረው ይነሣል። እኔን የሚገርመኝ መነሣቱ ነው።»

የወንድሟ ዓይን ከሥራቸው በተከፈተው መሬት ላይ ነበር። ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ማረሻው ያወጣውን አንድ ድንጋይ አንሥቶ ወደ አጥሩ ወረወረ። ከዚያ ሌላ አነሣ። እሷ ሞተሩን አስነሥታ ወደታች ጀመረች፤ እሱ ከኋላዋ ባዲሱ ትልም ውስጥ፣ የከተማ ጫማውን አፈር እየዋጠው፣ ድንጋይ እየለቀመ ተከተላት። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እንዲያ ሠሩ። ሲሰናበታት ጫማውን በር ላይ እያራገፈ፣ ድንቹ የሚተከልበትን ቀን እንድትነግረው ነገራት።

ነገረችው። በዕለቱ ሚስቱን ይዞ፣ አርፍዶ መጣ። ሁለቱም ለእርሻ የማይሆን ልብስ ለብሰው ነበር፤ ባሏ ከጓዳ ሁለት የድሮ የጸጉር ቤት ካፖርት አውጥቶ አለበሳቸው።